የዝርፊያ መዝገቡ ተዘግቷል ከተባለ በኋላ

ጥያቄ፦ እህቴ እንግሊዝ አገር ነው የምትኖረው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሥራ ውላ ስትመለስ ቤቷ ተሰብሮ፣ ከእናታችን የወረሰችው ወርቅ ተወስዶ አገኘችው። ፖሊስ የመዝገብ ቁጥር ሰጣት፤ በሳምንቱ ደግሞ «ምርመራው ተዘግቷል» የሚል ኢሜይል ላከላት። በቃ፣ ነገሩ በዚሁ አበቃ ማለት ነው? እኛስ ከዚህ ሆነን ምን እናግዛት? (ከጅማ፣ ሄርማታ)

መልስ፦ አላበቃም። ፖሊስ መዝገቡን የዘጋው የሚከተለው ፍንጭ ስላጣ ነው፤ አዲስ ማስረጃ ከቀረበ ይከፍተዋል።

ከሁሉ የሚቀድመው የካሜራ ምስል ነው። የሱቅና የጎረቤት በር ካሜራዎች ብዙዎቹ በአንድ ወር ገደማ፣ አንዳንዶቹ በጥቂት ቀን ውስጥ የድሮውን አጥፍተው አዲስ ይቀርጹበታል። ሦስት ሳምንት አልፏልና እህትዎ ዛሬውኑ ጎረቤቶቿን ትጠይቅ። የተገኘ ነገር ካለ እንዳይጠፋ አስቀምጡልኝ ብላ፣ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ ወደ ፖሊስ በሚደወልበት በ101 ደውላ የመዝገብ ቁጥሯን ትናገር። 999 ወንጀሉ እየተፈጸመ ሳለ ወይም ሰው አደጋ ላይ ሲሆን የሚደወልበት ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳት አስተርጓሚ ትጠይቅ፤ ክፍያ የለውም።

እናንተ የምታግዟት በወርቁ መግለጫ ነው። «የአንገት ሐብል» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ንብረት መያዣ ይዞ በሚያበድር ሱቅ ቢገኝ እንኳ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ይቸግራል። እናታችሁ ወርቁን ያደረጉበትን የሠርግ ወይም የበዓል ፎቶ ፈልጉና አንገታቸው አካባቢ ቀርባችሁ አንሡት። ስንት ግራም፣ ስንት ካራት እንደሆነ፣ መቆለፊያው ተበይዶ ከሆነ በየትኛው በኩል እንደተበየደ ጻፉ። የሠራው ወርቅ ሠሪ ካለ ቅርጹን በወረቀት ይሳልላችሁ። ቤቷ ኢንሹራንስ ካለውም ይኸው መግለጫና የመዝገብ ቁጥሩ ያስፈልጓታል።

ፖሊስ ለምን ቶሎ እጁን ሰበሰበ? በእንግሊዝና በዌልስ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) በኋላ በመጣው የበጀት ቅነሳ 20,000 ያህል ፖሊሶች ቀንሰው ነበር። ከ2019 ጀምሮ ያን ያህል ቢቀጠርም፣ የሄደውን ልምድ ያለው መርማሪ አዲስ ምልምል ወዲያው አይተካውም። ከአሥር የቤት ዝርፊያ አንዱ እንኳ ለክስ አይበቃም። ይህ የመንግሥት ጉድለት ነው፤ ተበዳይ አሜን ብሎ ሊቀበለው አይገባም። የፖሊስ አዛዦቹ ራሳቸው በ2022 ቤቱ ለተዘረፈ ሁሉ በአካል እንደርሳለን፣ በ2023 ደግሞ ያዋጣል የተባለውን ፍንጭ ሁሉ እንከተላለን ብለው ቃል ገብተዋል።

እንግዲህ ቤቷ ድረስ የመጣ ፖሊስ ከሌለ፣ አሻራ ካልተነሣ፣ ጎረቤት ካልተጠየቀ አቤቱታ ታቅርብ። የመጀመሪያው አቤቱታ የሚገባው ለዚያው ለአካባቢዋ ፖሊስ ነው፤ በድረ ገጹ ቅጽ አለ። መልሱ ካላረካት እንደገና እንዲታይላት መጠየቅ ትችላለች። ለማን እንደምታመለክት በመልሱ ደብዳቤ ላይ ይጻፋል፤ ጊዜው ከደብዳቤው ማግስት ጀምሮ 28 ቀን ነው፣ እንዳያልፋት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ አቤቱታው የፖሊስን አሠራር እንጂ ሌባውን አይመረምርም። ስለዚህ የአቤቱታውን መልስ እየጠበቀች ምስሉንና ፎቶውን አታዘግይ፤ እነሱ በ101 በኩል በቀጥታ ወደ መዝገቡ ይግቡ። አቤቱታው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ ያልተደረገው ነገር፣ እንዲደረግ የምትፈልገው።