በ36 ዓመት ዋና ጀምሮ መወዳደር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ሲሆን አሁን በደብረ ብርሃን ከተማ በመምህርነት እሠራለሁ። በልጅነቴ ወንዝ የምንሻገረው እንጂ የምንዋኝበት ስላልነበረ፣ ውኃ እየፈራሁ ነው ያደግሁት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በአንድ ሆቴል ገንዳ ዋና እየተማርሁ ነው፤ ይሁን እንጂ 15 ሜትር ያህል እንደዋኘሁ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እግሬም ይሰምጣል። ስሮጥ ግን ቶሎ አልደክምም። ምኞቴ አንድ ቀን መወዳደር ነው፤ ባልደረቦቼ ግን ዕድሜዬ እንዳለፈና የደጋ ሰው ለውኃ እንዳልተፈጠረ ይነግሩኛል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሸዋ ሮቢት ካሉ ዘመዶቼ ዘንድ ወርጄ በወንዝ ለመለማመድም አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ዕድሜዎ አላለፈም። ማስተርስ በሚባለው የአዋቂዎች የዋና ውድድር ተሳታፊዎች ከ25 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ በዕድሜ ተከፍለው ስለሚወዳደሩ፣ እርስዎ የሚመደቡት ከ35 እስከ 39 ባለው ምድብ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ማስተርስ የዋና ሻምፒዮና በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቶኪዮ የተካሄደ ሲሆን፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ዋናተኞችም በየምድባቸው ይወዳደራሉ።

የትንፋሽዎን ነገር በደንብ ልናየው ይገባል፤ ችግርዎ በአብዛኛው ያለው እዚያ ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው አየር ሳይደክሙ የሚሮጡ ሰው በ15 ሜትር ዋና ትንፋሽ የሚያጥራቸው በከፍታው ምክንያት አይደለም። ጀማሪ ፊቱን ውኃ ውስጥ ሲያስገባ ከፍርሃት የተነሣ ትንፋሹን ይይዛል። ሳይወጣ የቀረው አየር የተቃጠለውን ጋዝ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ በሰውነት ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ የመታፈን ስሜትን በዋናነት የሚቀሰቅሰውም ይኸው ጋዝ እንጂ የኦክስጅን ማነስ አይደለም። ከዚያም አንገትን አቅንቶ በአንድ ቅጽበት አየር ለማስወጣትም ለማስገባትም ሲሞከር ሁለቱም ሳይሞሉ ይቀራሉ።

ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ርቀት መቁጠሩን ይተዉት። ውኃው ደረትዎ ላይ በሚደርስበት ቦታ ቆመው የገንዳውን ጠርዝ ይያዙ፤ ፊትዎን አስገብተው በአፍንጫና በአፍ ቀስ ብለው ያለማቋረጥ አየር ያውጡ፤ ከዚያ ራስዎን ሳያነሡ ፊትዎን ወደ ጎን አዙረው ብቻ ይሳቡ። ይህ ያለ ጭንቀት ሲሆንልዎ በእግር ምት፣ ቀጥሎም በእጅ ቀዘፋ ይድገሙት። አንድ ነገር አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ፦ ደጋግሞ በኃይል ተንፍሶ ከውኃ በታች ረጅም ጊዜ የመቆየት ልምምድ፣ ምንም የመታፈን ምልክት ሳይሰማ ራስን አስቶ ሊገድል ይችላልና ፈጽሞ አይሞክሩት። ብቻዎንም አይዋኙ።

እግር የሚሰምጠው አየር የያዘው ደረት ሲንሳፈፍ ወገብና እግር ስለሚከብዱ ነው። ለመተንፈስ ራስ ቀና በተባለ ቁጥር እግር የባሰ ይወርዳል፤ ስለሆነም የአተነፋፈሱ መስተካከል ይህንንም በከፊል ይፈታዋል። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ብዙ ጊዜ ስለሚደርቅ፣ እቤት ውስጥ እግርን ወደ ፊት እየዘረጉ ማፍታታት ይጠቅማል።

የወንዙን ሐሳብ ግን እባክዎ ይተዉት። በክረምት ከጣርማበር ገመገም የሚወርደው ዝናብ ቆላው ፀሐያማ በሆነበት ሰዓት እንኳ ወንዙን ድንገት ሊሞላው ይችላል፤ ወንዝ የሚወስደው የማይዋኘውን ብቻ አይደለም። ከዚህም ሌላ እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ ሞቃት አካባቢዎች በዝግታ የሚፈስ ውኃ የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትልን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሊኖሩበት ይችላል፤ ትሉም በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል። ካሁን ቀደም ገብተው ከነበረ ለጤና ባለሙያ ነግረው ይመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። በወንዙ ፈንታ የዕረፍት ጊዜዎን አሠልጣኝና የሕይወት አድን ሠራተኛ ባለበት ገንዳ ቢያሳልፉት ይሻላል።

ቅዝቃዜውንም አይናቁት። የውድድር ገንዳ ውኃ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሞቅ ሲሆን፣ በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ያልሞቀ ገንዳ ግን ከዚህ በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ወዲያው ይውጡ።

ለውድድር ለመመዝገብ 50 ሜትር ያለ ጭንቀት መጨረስ እስኪችሉ ይጠብቁ፤ የሀገር ውስጥ ውድድሮችን መርሐ ግብርም ከውኃ ዋና ፌዴሬሽኑ ይጠይቁ። የመጀመሪያዎ 50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ፣ ማለትም ዋናተኛው የፈለገውን የአዋኛኘት ዓይነት የሚመርጥበት ውድድር፣ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በደረት ቀዘፋና በቢራቢሮ በሚባሉት የአዋኛኘት ዓይነቶች ግድግዳውን በሁለት እጅ እኩል አለመንካት ከውድድር ሲያሰርዝ፣ በነጻ ቀዘፋ ግን በማንኛውም የሰውነት ክፍል መንካት ይበቃል። ከመነሻው ላይ መዝለል ካልለመዱም አይጨነቁ፤ የማስተርስ ደንብ ውኃው ውስጥ ሆነው ግድግዳውን ገፍተው እንዲነሡ ይፈቅዳል።