አንዱ «ጨምር» ሌላው «ቀንስ» ሲል

በዚህ እትም ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ራስን ስለ ማሻሻል፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ታኦ ፍልስፍና የሚያነሡት አራቱ እርስ በርስ ስለሚገናኙ በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ስለ ስኬትና ራስን ስለ ማሻሻል የተጻፉ ከሃያ የማያንሱ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ደብተሬ በጥቅስ ሞልቷል፤ የጀመርኩትን ከመንገድ የመተው አመሌ ግን እንዳለ ነው። በቅርቡ አንድ ወዳጄ ታኦ ቴ ቺንግ የተባለውን የጥንት ቻይናውያን የጥበብ መጽሐፍ አውሶኝ ሳነበው ይባሱን ግራ ተጋባሁ። እስካሁን ያነበብኳቸው ሁሉ ጣር፣ አቅድ፣ ጨምር ሲሉኝ ይህ መጽሐፍ አታስገድድ፣ ተው፣ ቀንስ የሚለኝ ይመስላል። የትኛውን ልመን? ከሁለቱ ወገን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውስ የትኛው ነው?
ግራ የገባው አንባቢ

መልስ፦ ተቃርኖውን በትክክል አይተውታል። ታኦ ቴ ቺንግ በ48ኛው ምዕራፍ ላይ ዕውቀትን የሚሻ ሰው በየዕለቱ አንድ ነገር እንደሚጨምር፣ ታኦን፣ ማለትም «መንገድን»፣ የሚሻ ግን በየዕለቱ አንድ ነገር እንደሚቀንስ በግልጽ ይናገራል። የስኬት መጻሕፍት ደግሞ ከተፈጥሯቸው አዲስ ልማድ፣ አዲስ ዕቅድ፣ አዲስ የጠዋት ሥርዓት ያሸክማሉ። ሃያውን ያነበበ ሰው የሃያ መጽሐፍ ግዴታ በትከሻው ላይ አለበት። በእኔ ግምት የጀመሩትን የሚያስተውዎት ይኸው ሸክም ነው፤ ስንፍና ነው ብዬ አላምንም።

ታኦ ቴ ቺንግ የሚመክረው «ዉ ዌይ» ቃል በቃል ሲተረጎም «አለማድረግ» ስለሚሆን፣ ብዙ አንባቢ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለዋል። ይህን ስሕተት ለማረም ከታኦ ቴ ቺንግ ይልቅ ዡዋንግ ዙ የተባለው ሌላው የታኦ መጽሐፍ ይረዳል። በ3ኛው ምዕራፍ ዲንግ የሚባል የወጥ ቤት ሠራተኛ በመስፍኑ ፊት በሬ ሲበልት እናየዋለን። እጁ፣ ትከሻው፣ እግሩና ጉልበቱ ሁሉ እንደ ዘፈን በአንድ ምት ይንቀሳቀሳሉ፤ መስፍኑም ተደንቆ ችሎታው ከዚህ ደረጃ እንዴት እንደ ደረሰ ይጠይቀዋል። ዲንግም ሥራውን ሲጀምር ከፊቱ የሚታየው አንድ ግዙፍ በሬ ብቻ እንደነበር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሙሉውን በሬ ማየት እንደተወ፣ አሁን ደግሞ ቢላዋው በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ብቻ እንደሚያልፍ ይመልሳል። ተራው ሠራተኛ አጥንት ስለሚመታ ቢላዋውን በየወሩ ይለውጣል፤ ጎበዝ የሚባለውም ቢሆን በየዓመቱ መለወጡ አይቀርም፤ የዲንግ ቢላዋ ግን ለ19 ዓመታት በሺህ በሚቆጠሩ በሬዎች ላይ ሠርቶ ስለቱ አሁን ከሞረድ እንደ ወጣ ነው። እኛ ብልት አዋቂ የምንለው ዓይነት ሰው ነው።

ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ዲንግ ከ19 ዓመት በኋላም ቢሆን ጅማትና አጥንት ከተወሳሰበበት ቦታ ሲደርስ ይጠነቀቃል፤ ዓይኑን ይተክላል፣ እጁን ያዘገያል፣ ቢላዋውን ለጥቂት ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ሥጋው እንደ አፈር ክምር ዱብ ካለ በኋላ ቀና ብሎ ዙሪያውን ይመለከትና ቢላዋውን ጠርጎ ያስቀምጣል። እንግዲህ ለዓይን ያለ ጥረት የሚመስለው ሥራ ከብዙ ዓመት ልምምድ በኋላ የመጣ ነው፤ ልምምዱም የሠራው ዋና ነገር ትርፍ ጉልበትን ማስወገድ ነው። የሥነ ልቡና ምሁሩ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ሰው በሥራው ተመስጦ ራሱን ስለሚረሳበት ሁኔታ በ1990 ባሳተመው «ፍሎው» በተባለው መጽሐፉ ይህንኑ የዲንግን ታሪክ ማንሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ብባል «ፍሎው»ን እሰጥዎ ነበር።

ተቃርኖው ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ መሆኑን የሚያሳይ ሌላም ማስረጃ አለ። የሺህ ማይል ጉዞ ከእግር ሥር ይጀምራል የሚለው፣ በየአነቃቂ ንግግሩ የምንሰማው አባባል፣ የተወሰደው ከታኦ ቴ ቺንግ 64ኛ ምዕራፍ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ለሚል ሕዝብ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ያው ምዕራፍ ግን አስገድዶ የሚሠራ ሥራውን እንደሚያበላሽ፣ አጥብቆ የሚይዝ እንደሚያጣ፣ ብዙ ሰውም ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው እንደሚያበላሽ ያስጠነቅቃል። አነቃቂዎቹ የመጀመሪያውን ቆርጠው ወስደው የቀረውን ትተውታል።

ከራስ ማሻሻያዎቹ ውስጥ የጄምስ ክሊርን «አቶሚክ ሀቢትስ» (2018) ማንበብ ይበቃል ባይ ነኝ። መጽሐፉ ጠንካራ የሚሆነው ስለ አካባቢ ሲናገር ነው፤ ሊተዉት የሚፈልጉትን ነገር ከዓይን ማራቅ፣ ሊለምዱት የሚፈልጉትን ደግሞ ከእጅ ማቅረብ፣ ማለትም ትግሉን ራሱን መቀነስ። በየቀኑ አንድ በመቶ የተሻሻለ ሰው በዓመቱ 37 እጥፍ ይሆናል የሚለው ስሌቱ ግን በሒሳብ ደረጃ ልክ ቢሆንም የሰው ችሎታ እንደ ወለድ አይራባም፤ ሁሉም ተማሪ እንደሚያውቀው ለወራት ባለበት የሚቆምበት ጊዜ አለ። ልማድ በ21 ቀን ይተከላል የሚለውንም ይርሱት። ቁጥሩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበረው ማክስዌል ማልትዝ በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ከጻፈው የመጣ ነው፤ «ቢያንስ» የሚለው ቃል በመንገድ ላይ ጠፍቷል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደረጉት ጥናት ያገኘው መካከለኛ ቁጥር 66 ቀን ሲሆን፣ በሰዎቹ መካከል የነበረው ልዩነት ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለልም ሂደቱን እንደማያፈርሰው ጥናቱ ስላሳየ፣ አንድ ቀን ስላመለጠዎ ብቻ የጀመሩትን አይተዉ።

ናፖሊዮን ሂል በ1937 ያወጣውን «አስብና ሀብታም ሁን» የሚለውን መጽሐፍ ግን ሳያነቡት ቢቀሩ አይቆጨኝም። ሂል መጽሐፉ የተመሠረተበትን ጥናት እንዲያካሂድ ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ እንደ መከረው ይናገራል፤ ካርኔጊ በ1919 የሞተ ሲሆን፣ ለዚህ ነገር ከራሱ ከሂል ቃል በቀር ማስረጃ አልተገኘም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የተሳካላቸውን ብቻ ቆጥሮ፣ ያንኑ ምኞት ተመኝተው የወደቁትን አለመቁጠሩ ነው።

ለሦስት ወር አዲስ መጽሐፍ አይግዙ። ከደብተርዎ አንድ ልማድ ብቻ ይምረጡና፣ እርሱን ለማስገባት ከቀንዎ ምን እንደሚያስወጡ አስቀድመው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ዕዳ አለብኝ፤ ገቢዬም ወሩን አያደርሰኝም። ስለ ገንዘብ የተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ስለ አክሲዮንና ስለ ኢንቨስትመንት ያወራሉ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሁለት መጻሕፍት ብትመርጡልኝ።
ከወር ወር የሚታገል

መልስ፦ የመጀመሪያው ቪኪ ሮቢንና ጆ ዶሚንጌዝ በ1992 ያሳተሙት «ገንዘብህን ወይስ ሕይወትህን» ነው። የመጽሐፉ መሠረተ ሐሳብ ገንዘብ የሚለወጠው በዕድሜ ነው የሚል ሲሆን፣ አንባቢው እውነተኛ የሰዓት ክፍያውን ራሱ እንዲያሰላ ያደርጋል። በሳምንት 40 ሰዓት ሠርቶ 800 የሚያገኝ ሰው በሰዓት 20 የሚከፈለው ይመስለዋል። ለመመላለሻ 8 ሰዓት፣ ከሥራው ድካም ለማገገም 4 ሰዓት ቢጨመርና ለሥራው ሲል ብቻ የሚያወጣው የመጓጓዣ፣ የልብስና የውጭ ምግብ ወጪ 150 ቢቀነስ፣ 650 ለ52 ተካፍሎ 12.50 ብቻ ይቀራል። 250 የሚያወጣ ዕቃ ሊገዛ ሲል አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል የሠራበትን የሚከፍል ይመስለዋል፤ የሚከፍለው ግን ሙሉ ሃያ ሰዓት ነው። ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ በራስዎ ቁጥር ከሠሩት በኋላ በመደብር ደጃፍ ሲያልፉ ዓይንዎ የሚያየው ዋጋ ይለወጣል። መጽሐፉ በቁጠባ ስለሚገኝ የወለድ ገቢ የሚለው ክፍል በተጻፈበት ጊዜ በነበረው ከፍተኛ ወለድ ላይ ስለ ተመሠረተ በጥንቃቄ ይነበብ።

ሁለተኛው የሞርጋን ሃውስል «የገንዘብ ሥነ ልቡና» (2020) ነው። አጫጭር ምዕራፎች ስላሉት ለደከመ አእምሮ ይመቻል፤ ከምዕራፎቹም አንዱ «በቃኝ» ስለ ማለት ብቻ የሚናገር ነው። እዚህ ላይ ታኦ ቴ ቺንግ ሳይጠራ ይመጣል፤ 33ኛው ምዕራፍ ሀብታም የሚለው የሚበቃውን ያወቀን ሰው ነውና። ይህን ድህነትን ለማስዋብ የተነገረ አድርገው የሚጠቅሱትን አንባቢዎች ግን ልክ ናቸው አልልም፤ የሚበቃውን ለማወቅ መጀመሪያ የሚበቃው ሊኖር ይገባል።

ዕዳዎን በሚመለከት የትኛውንም መጽሐፍ ሳይጠብቁ 72ን ለወለዱ መጠን ያካፍሉ፤ ውጤቱ ዕዳው ምንም ሳይከፈል በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ይነግርዎታል። በ8 በመቶ ዘጠኝ ዓመት፣ በ24 በመቶ ሦስት ዓመት ገደማ ይወጣል። ብዙ ዕዳ ካለብዎት ቅድሚያ የሚሰጠው በዚህ ስሌት ቶሎ የሚታጠፈው ነው። የቤንጃሚን ግሬሃም «አስተዋይ ባለሀብት» (1949) ታላቅ መጽሐፍ ቢሆንም ዕዳው ካለቀና መጠባበቂያ ከተቀመጠ በኋላ የሚነበብ ነው።

ጥያቄ፦ ታኦ ቴ ቺንግን እንደ ጻፈ የሚነገርለት ላኦ ዙ ሥራውን ትቶ እንደ ሄደ አነበብኩ። እኔም ሥራዬን ስለምጠላው ልለቅ አስቤአለሁ። ታኦ የሚመክረው ይህን አይደለምን?
ለመሄድ የተዘጋጀሁ

መልስ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ100 አካባቢ የጻፈው የቻይና ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ችየን እንደሚተርከው ላኦ ዙ ዡ በተባለው ሥርወ መንግሥት ቤተ መንግሥት የመዛግብት ጠባቂ ነበር፤ ሥርወ መንግሥቱ ሲዳከም አይቶ ሲሄድ የኬላው ሹም ከመለየትህ በፊት መጽሐፍ ጻፍልኝ ብሎ ስለ ለመነው አምስት ሺህ ያህል ፊደል ጽፎ ሰጠው። ዛሬ ሊቃውንት ታሪኩን እንደ አፈ ታሪክ ያዩታል። አፈ ታሪክ ሆኖም ቢሆን ሰውዬው የሄደው ዕድሜውን በመዝገብ መካከል ካሳለፈ በኋላ ነው። ያ ሌላው የታኦ መጽሐፍ በስሙ የሚጠራለት ዡዋንግ ዙም ንጉሥ ሹመት ሲልክለት፣ ሞቶ በቤተ መቅደስ ከሚከበር ኤሊ ይልቅ ጭራውን በጭቃ የሚጎትት ኤሊ መሆን እመርጣለሁ ብሎ እንደ መለሰ ይነገራል፤ እርሱ እንቢ ያለው ግን ያልያዘውን ሥልጣን እንጂ የዕለት እንጀራውን አይደለም።

ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት የፒተር ድራከርን «ውጤታማው ሥራ አስኪያጅ» (1967) እንዲያነቡ እመክራለሁ፤ ሥራ አስኪያጅ መሆን አያስፈልግም። ድራከር ከዕቅድ አይነሣም፤ ሰዓትዎ የት እንደሚሄድ እንዲመዘግቡ ያዝዛል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ይህ ጨርሶ ባይሠራ ምን ይመጣል ብለው እንዲጠይቁና መልሱ «ምንም» ከሆነ እንዲተዉት ይላል። ለሁለት ሳምንት ይህን ያድርጉ። የሚጠሉት ሥራውን ራሱን ይሁን ወይስ በላዩ የተከመረውን ስብሰባና ሪፖርት፣ መዝገቡ ለይቶ ያሳይዎታል። ሥራው ራሱ ከሆነ መልቀቁን እኔም አልቃወምም፤ ሆኖም ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳልና የሚቀጥለውን ይዘው ይልቀቁ።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ከተተረጎሙት የታኦ ቴ ቺንግ ቅጂዎች የትኛውን ልግዛ?
አጭር ጠያቂ

መልስ፦ ለትክክለኛነቱ ዲ. ሲ. ላው በ1963 ያሳተመውን ይውሰዱ። ብዙ የተሸጠው የስቲቨን ሚቸል ቅጂ (1988) ለንባብ ቢጥምም፣ ተርጓሚው ቻይንኛ ስለማያነብ ከሌሎች ትርጉሞች ተነሥቶ በራሱ መንገድ የጻፈው ነው። ከተቻለ ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብቡ፤ በሚለያዩበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ ራሱ ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ፣ በቻይና ካለው የማዋንግዱይ መቃብር በ1973 የተገኙት፣ በሐር ላይ የተጻፉ የታኦ ቴ ቺንግ ቅጂዎች ከመጽሐፉ ሁለት ክፍሎች ሁለተኛውን አስቀድመው ስለሚያቀርቡት፣ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል እንደ ትእዛዝ የሚጠበቅ አይደለም። ከ81ዱ ምዕራፎች የመጀመሪያው እጅግ ረቂቅ በመሆኑ ብዙ ሰው እዚያው ይዘጋዋል። እርስዎ ስለ ውኃ ከሚናገረው ከ8ኛው ይጀምሩ፣ ከዚያ ወደ 9ኛው፣ ወደ 33ኛውና ወደ 44ኛው ይሻገሩ፤ 1ኛውን ለመጨረሻ ያቆዩት።