ስዕል ከለመደ መናገሩን ይተወው ይሆን?

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሐኪም ኦቲዝም እንዳለበት ነግሮናል፤ አንድም ቃል አይናገርም። የሆነ ነገር ሲያምረው እጄን ይዞ ወደ ቁምሳጥኑ ይጎትተኛል፤ ካልገባኝ መሬት ላይ ተንፈራፍሮ ያለቅሳል። ጎረቤት «ምላሱ ታስሯል፣ አስቆርጪው» ይለኛል። በስዕል ማግባባት እንደሚቻል ሰምቻለሁ፤ ስዕል ከለመደ ግን ጭራሽ እንዳይናገር ፈራሁ። ማዕከል ለማስገባት ደግሞ ተራ አልደረሰንም።
እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም

መልስ፦ እህታችን፣ አይፍሩ። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ስዕል ንግግርን ሲያስቀር አላሳዩም፤ አንዳንድ ልጆች እንዲያውም ቃል ማውጣት ጀምረዋል። ልጅዎ ይናገራል ብለን ቃል አንገባም። ባይናገርም ግን የሚፈልገውን መጠየቅ መብቱ ነው።

ምላሱን በፍጹም አያስቆርጡት። የታሰረ ምላስ አንዳንድ ድምፅ ያበላሽ ይሆናል እንጂ ልጅን ሙሉ በሙሉ ዝም አያሰኝም፤ በምላጭ መቁረጥ ደግሞ ያደማል፣ ያመረቅዛል። ጆሮው ካልተመረመረ ግን ቶሎ ያስመርምሩት።

እጅዎን መጎተቱ ጥያቄ ነው። ችግሩ፣ ከእርስዎ በቀር ለሌላ ሰው አለመግባቱ ነው። ስዕሉ ይህንኑ ጥያቄ ለአያቱም ለጎረቤትም የሚነበብ ያደርገዋል። አሠራሩን የሥነ ልቦና ባለሙያው አንዲ ቦንዲና የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ሎሪ ፍሮስት በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ደላዌር ግዛት ውስጥ የጀመሩት ሲሆን ብዙ ወጪ የለውም።

በጣም ከሚወደው ነገር ይጀምሩ፤ ብስኩት ነው እንበል። የራሱን የብስኩቱን መጠቅለያ አምስት ሳንቲ ሜትር በአምስት ቆርጠው ካርቶን ላይ ይለጥፉና ስዕሉን በሚያሳይ ፕላስተር ይሸፍኑት። ብስኩቱን ከአሥር በላይ ቦታ ይቁረሱት፤ ሙሉውን ከሰጡት አንዴ ጠይቆ ይጠግባል፣ ልምምዱም እዚያው ያልቃል።

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እርስዎ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ብስኩቱን ያሳዩት፤ ካርቶኑ በመካከላችሁ ይሁን። ታላቅ እህቱ ወይም የጎረቤት ልጅ ከኋላው ትሁን። እሱ እጁን ወደ ብስኩቱ ሲሰድ፣ ከኋላ ያለችው ምንም ሳትናገር እጁን ይዛ ካርቶኑን ታስነሳውና መዳፍዎ ላይ ታስቀምጠዋለች። ካርቶኑ እጅዎን በነካ ቅጽበት «ብስኩት!» ብለው ይስጡት። ሁለት ሰከንድ እንኳ ከዘገዩ መስጠቱና ማግኘቱ ላይያያዝለት ይችላል። ረዳቷ እጇን የምታነሳው ከመጨረሻው ጀምራ ነው፦ መጀመሪያ መዳፍዎ ላይ ሲያስቀምጥ ትተወዋለች፣ ቀጥሎ ሲዘረጋ፣ በመጨረሻም ሲያነሳ።

አብዛኛው ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ እናት «ምን ትፈልጋለህ?» ትላለች። ያኔ ልጁ የሚማረው ካልተጠየቀ አለመጠየቅን ነው። እባክዎ ዝም ይበሉ። «በል እንጂ፣ ‹ብስኩት› ብለህ ጥራ» ብለውም አያስጨንቁት፤ ካርቶኑን ከሰጠ ተናግሯል።

ብቻውን መስጠት ሲጀምር አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ ክፍል ድረስ ይራቁ፤ ተከትሎ መጥቶ ይስጥዎ። ሁለተኛ ስዕል ሲጨምሩ ግድ የማይሰጠውን ይምረጡ፣ ለምሳሌ ካልሲ። ካልሲውን ከሰጠዎ ካልሲውን ይስጡት፤ ልዩነቱን የሚያየው እንዲህ ነው። ሁለት የሚወዳቸውን ጎን ለጎን ካደረጉ ግን የትኛውም ቢደርሰው ደስ ስለሚለው ስዕሉን አያየውም።

ስዕሎቹን መሳቢያ ውስጥ አይቆልፉ፤ እጁ የሚደርስበት በር ላይ ያንጠልጥሏቸው። ሌሊት ብስኩት ቢጠይቅዎም፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ቁራሽ ይስጡት።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ ማዕከልም ሆነ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተራ የሚጠብቅ ልጅ ብዙ ነው፤ ቢዘገይም ተራዎን አይልቀቁ። እስከዚያው፣ የኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች ሁሉ ስለሚመሳሰሉና ስሙን መናገር ስለማይችል፣ ቢጠፋ እንዲገኝ ስልክ ቁጥርዎን በልብሱ አንገት ውስጥ ይስፉለት፤ ለጥበቃዎቹም ፊቱን ያስተዋውቁ።