ሸማቾች ማኅበሩ «ምዝገባ የለም» ካለሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ኮንዶሚኒየም ገብታችኋል፣ ልጆች አሉ፣ ሱፐርማርኬቱ ደመወዛችሁን ጨርሶታል። እሁድ ገበያና ሸማቾች ማኅበር በእርግጥ ይረክሳል ወይ፣ እንዴትስ ይገባል ብለሽ ጠይቀሻል። ይረክሳል። ግን «በጠዋት ሂጂ» የሚለው የብዙዎቹ መልስ አይበቃሽም። እንደኔ አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ወይም ሰሚት አካባቢ እንደሆንሽ ገምቼ ልንገርሽ።

1. እሁድ ገበያ። የዩኒየን፣ ማለትም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት፣ ባነር ስለተሰቀለ ብቻ ከሥሩ የቆመው ሁሉ የዩኒየን ሰው ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ነጋዴ ሌሊት ከአትክልት ተራ ያነሳውን ሽንኩርት እዚያው ዘርግቶ ይሸጣል። «ከየት የመጣ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የዩኒየን ሰው ከመቂ ነው፣ ከባቱ ነው ብሎ ቀጥ አድርጎ ይነግርሻል፣ በዩኒየኑ ስም የታተመ ደረሰኝም ይቆርጥልሻል። ነጋዴው «ምን አስጨነቀሽ፣ ያው ሽንኩርት ነው» ይልሻል።

ሽንኩርቱን በእጅሽ ሳትነኪ አታስመዝኚ። አንገቱ የደረቀ፣ ሲጫኑት የማይሰምጥ፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ ይሁን። አንገቱ እርጥብ ከሆነ ሳምንት ሳይሞላው ይበሰብስብሻል። ጭቃ የያዘ ከሆነ ደግሞ አፈሩን በሽንኩርት ዋጋ ነው የምትገዢው። እኔ በእጅ የሚንጠለጠል ትንሽ ሚዛን ከቦርሳዬ አይጠፋም። ሻጮቹ ሲያዩት ይቆጣሉ፤ ይቆጡ።

ወቅቱንም እይው። ክረምት ሲገባ ቲማቲምና ሽንኩርት ይወደዳል፤ ያኔ ጎመንና ድንች ላይ አተኩሪ። የፋሲካ ዶሮ ሽንኩርት በሰሙነ ሕማማት አይገዛም። ቀደም ብለሽ ገዝተሽ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ዘርግተሽ አስቀምጪ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ጃንሜዳ፣ ከዚያ ላፍቶ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለእኛ ሰፈር ሩቅ ነው፤ ለአንድ ቤት ፍጆታ ትራንስፖርቱ አያዋጣም። ለሚ ኩራ ያለው የግብርና ምርቶች ገበያ ማዕከል ይቀርብሻል።

2. ጤፍ። ዱቄቱን ሳይሆን እህሉን ግዢ። በዱቄት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል? ማኛ ነው ብለው ከተራ ነጭ ጋር የቀየጡትን ይሸጡልሻል፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ መለየት አትችይም። ከጆንያው አፍ ላይ የሚዘግኑልሽን አትመኚ። ጆንያው ወገቡ ላይ ተወግቶ ከመሃል ይውጣልሽ። እፍኝ አድርገሽ በመዳፍሽ እሺውና እፍ በይበት፤ አቧራው ሲበን ምን እንደቀረ እይ። ትንሽ ቆንጥረሽ በጥርስሽ ሞክሪው፤ አሸዋ ካለው ወዲያው ያንቀጫቅጭሻል። ወፍጮ ቤት ስትሄጂም ትተሽው አትምጪ። ካንቺ በፊት የተፈጨው በቆሎ ከሆነ ድንጋዩ ላይ የቀረው አንቺ ዱቄት ውስጥ ይገባል። ቆመሽ አስፈጪ።

ዋጋው የሚቀንሰው አዲሱ ምርት ተወቅቶ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ጥርና የካቲት ላይ ነው። እኛ ብሎካችን ውስጥ ያለን ጎረቤታሞች በየወሩ እንደ ዕቁብ እያዋጣን እናስቀምጥና በዚያ ወቅት የዓመቱን ባንዴ እናስመጣለን። ግን ይህን ከማድረጋችን በፊት ብዙ ተንገላተናል፤ እሱን ነው ዋናውን ልነግርሽ የፈለግኩት።

3. ሸማቾች ማኅበር። አባል መሆንና ደንበኛ መሆን ይለያያል። ይህን ያዢልኝ። አብዛኛው ሰው ስኳርና ዘይት ሲመጣ ይሰለፋል፣ ይገዛል፣ ይሄዳል። አባል ግን እጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ ገዝቷል። ባለቤት ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድምፅ አለው፣ ሂሳብ መጠየቅ ይችላል፣ ትርፍ ሲኖር ይካፈላል። ብዙ እጣ ያለውም አንድ እጣ ያለውም ድምፁ አንድ ነው።

እኔ አባል ልሁን ብዬ የነዋሪነት መታወቂያዬንና ፎቶዬን ይዤ የሰፈራችን ማኅበር ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ምዝገባ የለም» አለችኝ። መቼ ይከፈታል ስላት «ማስታወቂያ ይወጣል»። የት ይለጠፋል ስላት ዝም። ሌላ ቀን ስመለስ «ኃላፊው ስብሰባ ነው»። በነጋታው ኃላፊው ቢሮው ነበር፣ እሱ ደግሞ «አባል ሞልቷል» አለኝ።

ያን ሰሞን ጤፍ መጥቶ ነበር። የማኅበሩ ሱቅ ፊት ለፊት ወረፋ ይዘን ቆመናል፤ እናቶች አሉ፣ ልጅ ያዘለች አለች። ረፋድ ላይ በሩን ገርበብ አድርገው «አልቋል» አሉን። እኔ ወደ ቤቴ የምሄደው በኋላ በር በኩል ነው። ዞር ስል ያ አልቋል የተባለው ጤፍ፣ ጆንያው እንደተሰፋ፣ አይሱዙ ላይ ይጫናል። ለማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ጫኚው «ለነጋዴ ሱቅ» አለኝ፣ ምንም ሳይደብቅ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት ያንን ጤፍ ማታ ከዚያው ነጋዴ በውድ ነው የምትገዛው።

ወረዳ ሄጄ ለሚመለከተው ባለሙያ ነገርኩት። «አቅሙ ካለሽ ከሱፐርማርኬት አትገዢም እንዴ?» አለኝ። ሰው ፊት። እንባዬ መጣ፤ ግን እሱ ፊት አላለቀስኩም።

አሁን ይህችን ልብ ብለሽ ስሚ። በቃል የጠየቅሽው ሁሉ ነፋስ ይወስደዋል። በጽሑፍ ጠይቂ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ን ጥቀሺ። የኅብረት ሥራ አባልነት መስፈርቱን ለሚያሟላ ሁሉ ክፍት እንደሆነ ጻፊና ያልተመዘገብኩበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልኝ በይ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጪ፣ ሁለተኛው ላይ «ደርሷል» የሚል ማህተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስደርጊ። እምቢ ካሉሽ እዚያው ቁጭ በይ። ማህተም ያለበት ቅጂ እጅሽ ሲገባ ንግግራቸው ይቀየራል። ቃላቸውን በጽሑፍ ማስፈር የሚፈልግ አንድም ሰው አላገኘሁም። ያ «ሞልቷል» ያለኝ ኃላፊ ራሱ ደውሎ ጠራኝ። ተመዘገብኩ፣ የእጣ ደረሰኜንና የአባልነት ደብተሬን ያዝኩ። ሁለቱንም ሳትቀበይ ከዚያ ቢሮ እንዳትወጪ።

ከዚያ ጎረቤቶቼን በዚያው መንገድ አስመዘገብኩ። ጠቅላላ ጉባኤው ሲጠራ ተያይዘን ሄድን። እጄን አውጥቼ ስንት ኩንታል ጤፍ ገባ፣ ለማን ተሸጠ፣ ዝርዝሩ ይነበብልን አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ልጄ ልክ ብላለች፣ ይነበብ» አሉ፤ ሌላው ሁሉ ተከተላቸው። ዝርዝሩ ባዶ ነበር። ዛሬ እኛ ማኅበር ጤፍ ሲገባ መጠኑና የገዛው አባል ስም በር ላይ ይለጠፋል፣ ለአንድ ቤትም ገደብ አለው። በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅሽም።

ለጎረቤቶቼ የጥር ጤፍ የሚመጣውም በዚሁ በኩል ነው። ማኅበሩ ለገበሬዎቹ ዩኒየን በደብዳቤ ይጽፍልናል፣ እኛ ብሩን ባንክ እናስገባለን፣ መኪናው ብሎካችን ሥር ያራግፋል። ስንረከብ ኩንታሉን ሁሉ እናስመዝናለን፤ መቶ ኪሎ ያልሞላ ካለ እዚያው ሾፌሩ ፊት ይፈረምበታል። አብሮሽ የሚያዋጣ ጎረቤት ከሌለሽ ወይም ገና ካልተላመዳችሁ ቡና አፍልተሽ በመጥራት ጀምሪ። ሁለት ቤት ከተስማማችሁ ለዚህ ዓመት ይበቃችኋል።

ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ ካስቸገረሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የራሴን ቅጂ እልክልሻለሁ። ስሙን፣ ወረዳውንና ቀኑን ብቻ ቀይሪ።