መልስ፦ የጀማሪዎች የኡቡንቱ መመሪያ በጋራ ሲጻፍ

«ለአራት ሆነን ለጀማሪዎች የኡቡንቱ (በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና) መመሪያ እየጻፍን ነው፤ ምዕራፎቹ አልጣጣም አሉን፣ ምን እናድርግ?» ላልከው፦

ከሁሉ በፊት አንድ የኡቡንቱ ስሪት መርጣችሁ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት። 24.04 ጥሩ ምርጫ ነው፤ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ስለሆነ መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ 5 ዓመት ይቆያል። አንዳችሁ የ22.04ን፣ ሌላችሁ የ24.04ን ስክሪን ፎቶ ካነሳችሁ፣ ጀማሪው በምስሉ ያየውን አዝራር ኮምፒውተሩ ላይ ያጣዋል።

በጊት (የፋይል ለውጦችን እየመዘገበ በጋራ ለመሥራት በሚያገለግል ፕሮግራም) የምትሠሩ ከሆነ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በየራሱ መስመር ጻፉ። ጊት ለውጥን የሚያነጻጽረው በመስመር ነው፤ አንቀጹ ሙሉ አንድ መስመር ከሆነ ሁለት ሰው አንዳንድ ቃል ሲያርም እንኳ ይጋጫል።

ከትእዛዝ ፊት የዶላር ምልክት አታስገቡ። ጀማሪ አብሮ ይገለብጠውና ትእዛዙ አልተገኘም የሚል ስህተት ይመጣበታል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበት መስኮት) ላይ የይለፍ ቃል ሲተየብ ምንም እንደማይታይም ንገሩት፤ ብዙ ሰው ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

የመጫኛው ምዕራፍ ግን የሰው ፋይል ሊያጠፋ ስለሚችል ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። 8 ጊጋባይት ፍላሽ እንደሚያስፈልግና በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ጻፉ። ዊንዶውስን ማቆየት የሚፈልግ ሰው ፋይሎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጥ፣ የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) መክፈቻ ቁልፉንም አስቀድሞ ወረቀት ላይ ይያዝ። ይህ ማስጠንቀቂያ ከእርምጃው በፊት ይምጣ፤ ጀማሪ እያነበበ ወዲያው ነው የሚጭነው።

ከዚያ ሊኑክስ ነክቶ የማያውቅ ሰው መመሪያውን ይዞ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ላይ ኡቡንቱን ይጫን። አትርዱት፤ የቆመበትን መስመር ብቻ መዝግቡና እሱን አርሙ።