ስሜንን በእግር፦ ከጎንደር ለሚነሱ ጥያቄና መልስ

"ስለ ስሜን የእግር መንገድ የፈለጋችሁትን ጠይቁ" ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም ጎንደር ተወልጄ አድጌ ስሜንን ያየሁት ካገባሁ በኋላ ነው። "እስካሁን አልሄድኩም" ብላችሁ የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ፤ አይዟችሁ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ጥያቄ፦ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለኝ። ምን ላይ ባውለው ይሻላል? (ተማሪ፣ ማራኪ)

ራስ ደጀንን እርሳው። በማለዳ ወደ ደባርቅ ሂድ፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበህ፣ ከፍለህ፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዘህ በመኪና እስከ ቡይት ራስ ትሄዳለህ። ከዚያ ገደሉን ዳር ዳር ይዘህ በእግርህ ሳንቃ በር የድንኳን ሰፈር ትገባለህ። በማግስቱ ከሳንቃ በር ወደ ሌላው የድንኳን ሰፈር፣ ወደ ግጭ ነው፤ እንደ እግርህ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተህ እሜት ጎጎ ላይ ውጣ፤ 3,926 ሜትር ነው። በሦስት በኩል ገደል ነው፤ ከታች ያሉት አምባዎች እንደ ተደረደረ ሸክላ ይታዩሃል። ከዚያ ወደ መኪናው መንገድ ወርደህ ማታ ጎንደር ትገባለህ። እግርህን ግን ለሁለት ቀን አትመካበት።

ጥያቄ፦ ስሜን ራቁቱን የቆመ ድንጋይ ነው ይባላል። ደን አለው እንዴ?

አለው እንጂ! እንዲያውም እኔን የሚመልሰኝ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ጫፍ ጫፉን ያሳድዳል፤ እኔ ግን ምርጫ ቢሰጠኝ ከሳንቃ በር እስከ ጅንባር ባለው የአስታ ደን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብቀመጥ አይከፋኝም። ዝቅ ባለው በኩል ጥድና ወይራ አለ፤ ከፍ ሲል ኮሶ፣ አምጃና ቀጋ ይቀበሉሃል፤ ከዚያ አስታ። አስታ ሌላ ቦታ ቁጥቋጦ ይመስላል፣ እዚህ ግን ከራስህ በላይ የሚገጥም ዛፍ ነው። ግንዱ ጠማማ፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ። ቅርንጫፉ ላይ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ጠዋት ጉም ከገደሉ ሲወጣ ሽበቱ ጤዛውን ይይዝና ዝናብ ሳይኖር ጠብ ጠብ ይልብሃል። አንድ ጊዜ ዝናብ መስሎኝ የዝናብ ልብሴን አውጥቼ ለብሻለሁ፤ ስካውቱ ከት ብሎ ሳቀ።

ከደኑ ወጣ ስትል የጅንባር ፏፏቴ አለ። ወንዙ ወደ ግጭ ገደል ይወረወራል። በበጋ መጨረሻ ውሃው ቀጭን ክር ነው፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን ድምፁ ገና ሳታየው ይደርስሃል።

ጥያቄ፦ እሳተ ገሞራ ነበር ከተባለ ጉድጓዱ የት አለ?

የኤርታ ዓሌን ዓይነት አፍ አትፈልጉ። ስሜን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቀልጦ የረጋ ድንጋይ ነው፤ ፈሳሹ በፈሳሽ ላይ እየተነባበረ በጣም ወፍራም ሆነ። ከዚያ ዝናብ፣ ወንዝና በረዶ ቆራረጡት። ገደሉን ፊት ለፊት ስታዩ ያ አግድም መስመር መስመሩ የየፈሳሹ ንብር ነው። እንጀራ ላይ እንጀራ ተደርቦ በቢላ ሲቆረጥ ከጎኑ ሲታይ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን በመኪና ጨነቅ የድንኳን ሰፈር ደርሰን በማግስቱ ራስ ደጀን ብንወጣስ?

አይሆንም። እኔ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ አራት ሆነን ጠዋት ከጎንደር ተነስተን ማታ ጨነቅ ድንኳን ተከልን። ከ2,100 ሜትር ተነስተን 3,600 ሜትር ላይ ማለት ነው። እራት ላይ ራሴን ያዘኝ፤ ጎመዘዘኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጭንቅላቴ እንደ ከበሮ እየተመታ ያስመልሰኝ ጀመር። ጓደኞቼ "ሻይ ጠጣ" ይሉኛል። ስካውቱ ግን ባትሪውን ፊቴ ላይ አብርቶ አየኝና "ተነስ፣ እንውረድ" አለ። ሾፌሩን ቀሰቀሰው። ሳንቃ በር ስንደርስ ራሴ ለቀቀኝ። የከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ማባበያ ነው።

ደግሞ ራስ ደጀን ከጨነቅ ቅርብ አይደለም። በቧሂት ተራራ በኩል 4,200 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ ትወርዳላችሁ፤ መልሳችሁ ወደ አምቢቆ መንደር ትወጣላችሁ። ይህ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ጫፉ ራሱ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ከአምቢቆ ደርሶ መልስ ሌላ ሙሉ ቀን። ከደባርቅ ደባርቅ ሰባት ስምንት ቀን ያዙ። በነገራችን ላይ መጻሕፍት ጫፉን "መጀመሪያ የወጡት" በ1841 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ ፈረንሳውያን ናቸው ይላሉ። የጃናሞራ እረኛ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም።

ጥያቄ፦ እናቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ማየት ግን ይመኛሉ።

እማማን ይዘሽ ኮሶዬ ሂጂ። ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመኪና ወርዶ ጥቂት መራመድ ብቻ ነው፤ ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያቸዋል። ከበረቱ ሳንቃ በር ድረስ በመኪና ይዘሻቸው ሂጂ፤ ደባርቅ ላይ በቅሎ መከራየትም ይቻላል። ጋቢያቸውን እንዳትረሺ።

ጥያቄ፦ ስካውት ግዴታ ነው? እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ።

ግዴታ ነው። ጉም ሲወርድ ደግሞ አንተ ራስህ ትለምነዋለህ።

ጥያቄ፦ ዝንጀሮዎቹ ይናከሳሉ?

ጭላዳ ሣር ግጦሽ ላይ ነው የሚውለው፤ ሰው አይነካም፣ አንተም ካልነካኸው። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ቁስል አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ቁጭ በልና ጠብቅ፤ ሣሩን በጣቱ እየነጨ እያጉረመረመ በአጠገብህ ያልፋል። ምግብ ግን እንዳትሰጠው።

ጥያቄ፦ መቼ ልምጣ፣ ምን ልያዝ?

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ለምለም ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ። ታኅሣሥና ጥር ቀኑ ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ጨነቅ ላይ ጠዋት የፕላስቲክ ውሃህ በረዶ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ጭቃ ነው። ወፍራም ካልሲ፣ የለመድከው ጫማ (አዲስ ጫማ በፍጹም!)፣ ኮፍያ፣ በሶና ቆሎ። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ከማንኛውም ብስኩት ይሻላል። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ ደባርቅ ደውለህ የመንገዱን ሁኔታ አጣራ።

ጥያቄ፦ ጅብራ ነቅዬ ግቢዬ ብተክልስ?

ተው። ከፓርኩ ምንም አይነቀልም። ደግሞ ጅብራ ስንት ዓመት ቆይታ አንዴ ብቻ ታብባለች፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ ታወጣና ትሞታለች። የደረቀው ግንድ ጥቁር ምሰሶ መስሎ እዚያው ይቆማል። ግጭ ስትደርስ እሱ ላይ ወፍ አርፋ ካየህ ፎቶ አንሳልኝ፤ የእኔው ደብዝዟል።