በእኩል ፍጥነት እየሮጥን እኔ ብቻ ለምን ይደክመኛል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ጓደኛህ ከአንተ እኩል እየሮጠ ወሬውን ይቀጥላል፣ አንተ ትንፋሽ ያጥርሃል። እርምጃዬን ላስረዝም ወይስ ባለካርበን ጫማ (ሶሉ ውስጥ ጠንካራ የካርበን ዝርግ ያለው) ልግዛ ነው ያልከው። እዚሁ ባሕር ዳር ልጆች ሳሠለጥን ዓመታት ስለቆየሁ፣ ያየሁትንና ያነበብኩትን ልንገርህ።

እርምጃህን በግድ አታስረዝም። በ1982 ካቫናህ እና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሯጮችን ከለመዱት የእርምጃ ርዝመት ሲያስወጧቸው፣ ፍጥነቱ ሳይቀየር የሚፈጁት ኦክስጅን ጨመረ። ሰውነት የሚያዋጣውን ራሱ ያገኘዋል። ሯጮች ከቤዛዊት ኮረብታ ሲወርዱ ልብ ብለህ እይ። እርምጃ የሚያስረዝመው ልጅ ተረከዙ ከጉልበቱ ርቆ ፊት ያርፋል፣ አስፋልቱም ጧ ጧ ይላል። እያንዳንዷ ጧ ፍሬን ናት። የተያዘውን ፍጥነት ለመመለስ ጡንቻው እንደገና ይለፋል።

ጫማው እውነት አለው። የናይኪ የመጀመሪያው ባለካርበን ጫማ በጥናት ሲለካ፣ ከጊዜው የማራቶን ጫማዎች ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 4 በመቶ ጉልበት ቆጥቧል። ክብደትም ዋጋ አለው፤ በእያንዳንዱ እግር 100 ግራም ሲጨመር የሚወጣው ጉልበት 1 በመቶ ገደማ ያድጋል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 የገባችበት የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ነበር። ግን ያ 4 በመቶ የተለካው በጣም ፈጣን በሆኑ ሯጮች ነው። ለጀማሪ ያንን ያህል ብር አውጣ አልልህም።

ጅማትህን አጠንክር። የተረከዝ ጅማት እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ጉልበት ይመልሳል። ክብደት ማንሳትና ዝላይ የሯጭን የኦክስጅን ፍጆታ እንደሚቀንሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ገመድ ዝለል፣ የቤዛዊትን ዳገትም አትሽሸው።

ድሮ ጥናቱ ያተኩር የነበረው አንድ ሯጭ ቢበዛ ስንት ኦክስጅን ይጠቀማል በሚለው ላይ ነበር። ቀጥሎ በአንድ ፍጥነት ስንት ይፈጃል ወደሚለው መጣ። አሁን ደግሞ ሯጩን ከረጅም ሩጫ በኋላ፣ ደክሞት እያለ ይለኩታል። እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይሄ ነው! መጀመሪያ ላይማ ሁሉም አሪፍ ይሮጣል፤ ልዩነቱ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ትንፋሽህ የሚያጥረው ቁጭ ስትልም ከሆነ ግን ቅድሚያ ሐኪም ይይህ። ካልሆነ ለጥቂት ወራት ፍጥነቱን አንተ ያዝ፣ እያወራህ መሮጥ በምትችልበት ልክ። ጓደኛህ ይጠብቅህ።